የአከርካሪ አጥንት ኢንፌክሽንና ያልተጠየቀው ጥያቄ፦ የ2015ቱ መመሪያ ከጣና ዳር ሲነበብ

የጀርባ ሕመም በየጤና ተቋሙ በብዛት ከሚሰሙ አቤቱታዎች አንዱ ነው። ከመለመዱም የተነሣ በቀላሉ ይታለፋል። ታማሚው «ኩላሊቴን ያመኛል» ይላል፤ ጎረቤቱ «ብርድ ነው» ይለዋል፤ ወጌሻው ያሸዋል፤ ከመድኃኒት ቤት የተገዛው ማስታገሻም ለጥቂት ቀናት ያሳርፈዋል። አብዛኞቹ የጀርባ ሕመምተኞች በእርግጥም ከባድ በሽታ የለባቸውም። ከእነርሱ መካከል ግን አከርካሪ አጥንቱን ባክቴሪያ እየቦረቦረው ያለ ሰው አልፎ አልፎ ይገኛል። ይህ ሰው ሳይለይ በዘገየ መጠን መግሉ ወይም የፈረሰው አጥንት ኅብለ ሠረሠሩን ይጫነዋል፤ የመዘግየቱም ዋጋ ሽባነት ሊሆን ይችላል።

የአሜሪካ የተላላፊ በሽታዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2015 በአዋቂዎች ላይ የሚከሠተውን የአከርካሪ አጥንት ኢንፌክሽን የሚመለከት የምርመራና የሕክምና መመሪያ አውጥቷል። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ቅድሚያ ሊሰጣቸው የሚገቡ አምስት ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎችን ስትመርጥ፣ ከእብድ ውሻ በሽታ፣ ከአባ ሰንጋ፣ ከሌፕቶስፓይሮሲስና ከኤኪኖኮኮሲስ ጋር ብሩሴሎሲስን በዝርዝሩ ውስጥ አስገብታለች። ሁለቱ ሰነዶች በአንድ ዓመት ይውጡ እንጂ በምርመራ ክፍላችን ተገናኝተዋል ለማለት አያስደፍርም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መመሪያውን በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ከሚሠራ የጤና ባለሙያ አቋም መመርመር፣ ጥንካሬውንና ጉድለቱን ማሳየት፣ ከዚያም ዘወትር በምንከተለው ልማድ ላይ ሂስ ማቅረብ ነው።

መመሪያው ምን ይላል?

የመመሪያው መነሻ ቀላልና ትክክለኛ ነው። አዲስ የጀመረ ወይም እየባሰ የሚሄድ የጀርባ ወይም የአንገት ሕመም ከትኩሳት ጋር ከመጣ፣ ወይም ኢ.ኤስ.አር. ወይም ሲ.አር.ፒ. ከፍ ብሎ ከተገኘ፣ የአከርካሪ ኢንፌክሽን ይጠርጠር ይላል። ሁለት ጊዜ የተቀዳ የደም ካልቸር እንዲላክ፣ የኤም.አር.አይ. ምስል እንዲነሣ፣ በደም ካልቸር ምክንያቱ ካልታወቀም በምስል እየተመሩ ከአጥንቱ ናሙና እንዲወሰድ ያዝዛል። ታማሚው የነርቭ ጉዳት ከሌለውና የደም ዝውውሩ የተረጋጋ ከሆነ ደግሞ የበሽታው ምክንያት እስኪታወቅ ድረስ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት አይጀመር ይላል። ለአብዛኞቹ ባክቴሪያዎች የስድስት ሳምንት፣ ለብሩሴላ ግን የሦስት ወር ሕክምና ይመክራል።

ለእኛ እጅግ የሚጠቅመው አንቀጽ ግን አጭር ነው። ብሩሴሎሲስ በሚገኝበት አካባቢ የሚኖርና ሕመሙ ቀስ እያለ የጀመረው ታማሚ ለብሩሴላ የደም ካልቸርና የደም ውኃ ምርመራ ይደረግለት የሚለው ነው። በደም ውስጥ ብሩሴላ ከተገኘና የሕመም ምልክቱም ምስሉም ከዚያ ጋር ከተስማማ፣ አጥንቱን በመርፌ መውጋት እንደማያስፈልግም ይገልጻል። አንድ የደም ናሙና የናሙና መርፌንና የሩቅ ጉዞን ሊያስቀር ይችላል ማለት ነው።

ጉድለቱስ?

መመሪያው የተጻፈው ቲቢም ብሩሴሎሲስም እንግዳ በሆኑበት አገር ነው። የአከርካሪ ኢንፌክሽን ሲል በአእምሮው ያለው በመጀመሪያ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ነው፤ ስለ ቲቢ የሚናገረው ጥቂት ነው። በአገራችን ግን ለብዙ ዓመታት ከተመዘገቡት የቲቢ ሕሙማን ሲሶ ያህሉ ከሳንባ ውጭ የታመሙ ናቸው፤ በአጥንትና በመገጣጠሚያ ላይ ከሚወጣው ቲቢም ግማሽ ያህሉ የሚያርፈው በአከርካሪ ላይ ነው። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፐርሲቫል ፖት እ.ኤ.አ. በ1779 የገለጸው የጀርባ መጉበጥና የእግር መዛል ለእኛ የሕክምና ታሪክ ሳይሆን የዛሬ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት የመሣሪያ ነገር ነው። ኤም.አር.አይ. ለማይገኝበት ቦታ መመሪያው በምትክነት የሚያቀርበው የሲቲ ምስል፣ የኑክሌር የአጥንት ምስል ወይም ፔት የሚባለውን ምርመራ ነው። ከደቅ ደሴት በጀልባ ተሻግሮ፣ ወይም ከፎገራ ሜዳ በክረምት ጭቃውን አቋርጦ ጤና ጣቢያ ለደረሰ ገበሬ ይህ ምትክ ምትክ አይሆንም። በእጃችን ያለው ራጅ ነው፤ ራጅ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምንም ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ የቀረን መሣሪያ መመሪያው በአንድ ዐረፍተ ነገር ያለፈው የሕመም ታሪክና የአካል ምርመራ ነው። በእኔ አስተያየት የመመሪያው ትልቁ ድክመት እዚህ ላይ ነው፤ ጥያቄ መጠየቅን እንደ መግቢያ እንጂ እንደ ምርመራ አልቆጠረውም።

የሙከራ ሕክምና ወጥመድ

መመሪያውን ከነቀፍን የራሳችንን ልማድም ልንነቅፍ ይገባል። በአገራችን የአከርካሪ ኢንፌክሽን የተጠረጠረበት ሰው ናሙና ሳይወሰድለት የቲቢ መድኃኒት ሲጀመርለት ይታያል። ቲቢ እጅግ የተለመደ በመሆኑ ውሳኔው ብዙ ጊዜ ትክክል ይሆናል። የጎበጠ ጀርባና ትልቅ ቀዝቃዛ መግል ይዞ ለመጣ ሰው ቲቢን ማስቀደም ነውር አይደለም። ነውሩ የሚጀምረው «መድኃኒቱ ከተሻለው ቲቢ ነው» ብለን ስንደመድም ነው።

ለምን ቢሉ፣ በቲቢ ሕክምና ውስጥ ያለው ሪፋምፒሲን ቲቢን ብቻ የሚገድል መድኃኒት አይደለም። በብሩሴላ ላይ ይሠራል፤ ስታፊሎኮከስንም ይጎዳል። ስለዚህ የብሩሴላ ሕመምተኛ አራቱን የቲቢ መድኃኒቶች ሲጀምር፣ ሦስቱ ምንም ሳያደርጉለት አራተኛው ብቻውን ትኩሳቱን ሊያበርድለትና ሕመሙን ሊያስታግስለት ይችላል። ሐኪሙ ደስ ይለዋል፤ ታማሚውም ያመሰግናል፤ በካርዱ ላይም «ለቲቢ ሕክምና ጥሩ ምላሽ ሰጥቷል» ተብሎ ይጻፋል። ለብሩሴላ ግን አንድ መድኃኒት ብቻውን በቂ ስላልሆነ በሽታው ከወራት በኋላ ሊያገረሽ ይችላል።

ያገረሸ ጊዜ ደግሞ ሁለተኛው ወጥመድ ይከፈታል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 እንዲቀር እስካሳሰበ ድረስ ለዳግም ሕክምና ይሰጥ የነበረው መርሐ ግብር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ስትሬፕቶማይሲንን ከሪፋምፒሲን ጋር ያጣመረ ነበር። ሁለቱም በብሩሴላ ላይ የሚሠሩ ናቸው። በስሕተት «ያገረሸ ቲቢ» የተባለ የብሩሴላ ሕመምተኛ በዚህ መንገድ ሊድን ይችል ነበር፤ መዳኑም ስሕተቱን ያጸድቀዋል። ዛሬም «መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ነው» ተብሎ ሌቮፍሎክሳሲን ያለበት ሕክምና ቢጀመርለት ይኸው መድኃኒት በብሩሴላ ላይ የተወሰነ ጉልበት ስላለው እንደገና ማታለሉ አይቀርም። በአጭሩ የመድኃኒት ምላሽ በአከርካሪ ኢንፌክሽን ላይ ደካማ ምስክር ነው፤ ለሁሉም ወገን ይመሰክራልና።

ይህ ወጥመድ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ የተዘረጋ መሆኑም ሊታወቅ ይገባል። ትኩሳትና የሰውነት ቁርጥማት ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ የዊዳል ምርመራ ተደርጎለት «ታይፎይድ» ይባላል፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ሴፍትሪያክሶን ይታዘዝለታል። ሲፕሮፍሎክሳሲን ቲቢንም ብሩሴላንም ሳያድን ያዳክማቸዋል፤ በኋላ የሚላከውንም ካልቸር ባዶ ያደርገዋል። ሆስፒታል ሲደርስ «ካልቸሩ ምንም አላበቀለም» የሚባለው ባክቴሪያ ሳይኖር ቀርቶ ሳይሆን፣ ከመፈለጉ በፊት አንገቱን ስለደፋ ሊሆን ይችላል።

ሊቦ ከምከም ያስተማረን

«ብሩሴሎሲስ በእኛ አካባቢ አይታይም» የሚል መልስ መስማት የተለመደ ነው። ይህን ለሚል ሁሉ ከጣና ምሥራቅ ዳርቻ አንድ ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። በሊቦ ከምከም ወረዳ እ.ኤ.አ. በ2005 የካላዛር ወረርሽኝ መኖሩ ተረጋገጠ። ሰዎች ግን ከዚያ አስቀድሞ ሲታመሙና ሲሞቱ ቆይተዋል። ካላዛር በዚያ ደጋማ አካባቢ የማይታወቅ ስለነበረ ትኩሳቱ ወባ ተባለ፤ ወባው መድኃኒት አልቀበል ሲል መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተብሎ ተጠረጠረ። በሽታው የተገኘው ምርመራው ከተለመደው ስም ውጭ መፈለግ ሲጀምር ነው።

የሊቦ ከምከም ትምህርት ስለ ካላዛር ብቻ አይደለም። «አይታይም» እና «የለም» የተለያዩ ቃላት መሆናቸውን ነው የሚያስተምረው። ያንን ሁሉ ዘመን በሽታው ነበር፤ ያልነበረው ጥያቄው ነው።

ብሩሴላም እንዲሁ ሊሆን የሚችልበት ምክንያት በዓይናችን ፊት ነው። የፎገራ ሜዳ በላሞቹ የታወቀ ነው፤ የፎገራ ዝርያ በወተቱ ስመ ጥር ሆኖ በባሕር ዳር አጠገብ ባለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ሲጠና ኖሯል። ሰውና ከብት በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩበት ቤት ብዙ ነው፤ ላም ስትወልድ በባዶ እጅ ማዋለድ፣ የወረደውን ጽንስና የእንግዴ ልጅ በእጅ ማንሣት፣ ጥሬ ወተት መጠጣት የተለመደ ነው። የብሪታንያ ጦር ሐኪም ዴቪድ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1887 በማልታ የታመሙ ወታደሮችን የሚገድለውን ባክቴሪያ ካገኘ በኋላ ምንጩ ሳይታወቅ ዓመታት አልፈዋል። የማልታው ተወላጅ ሐኪም ቴሚስቶክልስ ዛሚት እ.ኤ.አ. በ1905 ጤነኛ በሚመስሉ ፍየሎች ላይ እስኪደርስበት ድረስ ማንም ወተቱን አልጠረጠረም ነበር።

ሦስቱን መለየት

ፍጹም መለያ የለም፤ ሆኖም ሦስቱ ወገኖች የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። መግል የሚያስይዙት እንደ ስታፊሎኮከስ ያሉ ባክቴሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ይገሠግሣሉ፤ ትኩሳቱና ሕመሙ ኃይለኛ ነው፤ በሁለት አጥንቶች መካከል ያለውን ዲስክ ቶሎ ያፈርሳሉ። የስኳር በሽታ፣ በቅርቡ የተደረገ ቀዶ ሕክምና፣ የሽንት ቱቦ ወይም የደም ሥር መርፌ ታሪክ ካለ ይበልጥ ይጠረጠራሉ።

ቲቢ ወራትን ይወስዳል። የደረትን አከርካሪና ደረት ከወገብ የሚገናኝበትን ቦታ ይወዳል፤ ዲስኩን ለጊዜው ትቶ አጥንቱን ይበላል፤ ትልቅ ቀዝቃዛ መግል ያጠራቅማል፤ በመጨረሻም ጀርባውን ያጎብጣል። ብሩሴላ ግን የታችኛውን ወገብ ይመርጣል። የአጥንቱን የፊት የላይኛ ጠርዝ ይቦረቡራል፤ ጎን ለጎንም አዲስ አጥንት ስለሚሠራ በራጅ ላይ ምንቃር የመሰለ ጉጥ ይታያል። የአጥንቱ ቅርጽ በአብዛኛው አይፈርስም፤ መግሉ ትንሽ ነው ወይም የለም፤ መጉበጥ ብርቅ ነው። የሚመላለስ ትኩሳት፣ የሚያጠምቅ ላብ፣ የዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም፣ የአንድ ወገን የዘር ፍሬ እብጠት አብረው ከተገኙ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ጉበትና ጣፊያም ሊያብጡ ስለሚችሉ በጣና ምሥራቅ ዳርቻ ከካላዛር ጋር መምታታታቸው አይቀርም። ዲስኩን ሳይነካ አጥንቱን ብቻ የሚበላ ነገር ደግሞ ካንሰርም ሊሆን እንደሚችል መዘንጋት አያሻም።

የጂን ኤክስፐርት ምርመራ፣ የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ካጸደቀው ወዲህ፣ ትልቅ እገዛ ሆኖልናል። ከመግልና ከአጥንት ናሙና ቲቢን በሰዓታት ውስጥ ሊያሳይ ይችላል። ነገር ግን «ቲቢ አልተገኘም» ማለት «ቲቢ የለም» ማለት አይደለም፤ «እንግዲያስ ብሩሴላ ነው» ማለት ደግሞ ጭራሽ አይደለም።

በሌላው ጠርዝ እንዳንወድቅ

እዚህ ላይ የተቃራኒውን አደጋ መጥቀስ ተገቢ ነው። ብሩሴላን አንፈልግም ብለን ከርመን፣ አሁን ደግሞ በአንድ ጠብታ ደም ሁሉን ብሩሴላ እንዳናደርግ መጠንቀቅ አለብን። በኬንያ የጤና ተቋማት በሰፊው ሲሠራበት የነበረ ፈጣን የብሩሴላ ምርመራ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ጥናት አስተማማኝ ሆኖ አልተገኘም፤ በሽታው የሌለባቸውን ሰዎች ሕሙማን ያደርግ ነበር። በዊዳል ያየነው በብሩሴላም እንዳይደገም፣ በሮዝ ቤንጋል የተገኘ ውጤት በሌላ የደም ውኃ ምርመራ መረጋገጥ፣ ከሕመሙ ታሪክና ከምስሉ ጋርም መመዘን ይኖርበታል።

የሕክምናው ምርጫም በዚህ መንፈስ ይታይ። ለአከርካሪ ብሩሴሎሲስ ዶክሲሳይክሊን ቢያንስ ለሦስት ወር ይሰጣል፤ ከእርሱም ጋር ሪፋምፒሲን፣ ወይም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስትሬፕቶማይሲን ወይም ጄንታሚሲን ይጣመራል። ቲቢ ገና ባልተወገደበት ሰው ላይ ሪፋምፒሲንን ከዶክሲሳይክሊን ጋር ብቻ መስጠት ግን የቲቢን ባክቴሪያ በአንድ መድኃኒት መግጠም ነው፤ መላመድንም ይወልዳል። ጄንታሚሲን በቲቢ ላይ ለሕክምና የሚሆን ጉልበት ስለሌለው፣ የኩላሊት ጤንነት ከፈቀደ፣ በእንዲህ ያለ ጊዜ ሊመረጥ ይችላል። የውጭው መመሪያ ይህን ጭንቀት አያውቀውም፤ እኛ ግን ልናውቀው ይገባል።

ምን ይደረግ?

በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚያስፈልገው አዲስ መሣሪያ ሳይሆን አዲስ ጥያቄ ነው። ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ፣ በሌሊት የማያስተኛ፣ ዕረፍት የማያስታግሰው የጀርባ ሕመም ያለበት ሰው ልብሱን አውልቆ ይታይ፤ አከርካሪው በጣት እየተመታ የሚያመው ቦታ ይፈለግ፤ ሙቀቱ ይለካ፤ የእግሩ ጉልበት ይፈተን። ያሳለበትና በቲቢ የታከመ ሰው በቤት እንዳለ፣ የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ እንዳደረገ፣ ቀደም ሲል የወሰደው መድኃኒት ምን እንደሆነ ይጠየቅ። ከዚያም ስለ ከብቱ ይጠየቅ፤ ያስወረደች ላም ወይም ፍየል ነበረችን? ማን አዋለዳት? በቤቱ ሌላ የሚያልበውና የሚያተኩሰው አለን?

የወተቱ ጥያቄ ጥንቃቄ ይሻል። በዐቢይ ጾም የመጣ ታማሚ «ወተት አልጠጣም» ቢል እውነቱን ነው። በሽታው ግን ከሳምንታት እስከ ወራት ተደብቆ ሊቆይ ስለሚችል ጥያቄው «ከጾሙ በፊትስ?» መሆን አለበት። እርጎውም ቅቤውም ሳይፈላ ከታለበ ወተት የመጣ እንደሆነ ይታሰብ።

እግሩ የዛለ፣ ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው ወይም በመቀመጫው ዙሪያ የደነዘዘው ሰው በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይላክ። ይህ ለሌላ ቀን የሚቀጠር ጉዳይ አይደለም። የነርቭ ጉዳት የሌለውና ያልተዳከመ ሰው ግን ደሙ ለካልቸር ሳይቀዳ ሲፕሮፍሎክሳሲንም ሆነ ሪፋምፒሲን አይጀመርለት። በሆስፒታል በኩል ደግሞ ናሙና በተወሰደ ቁጥር ለጂን ኤክስፐርት፣ ለካልቸርና ለፓቶሎጂ ይከፈል። ብሩሴላ ከተጠረጠረ በመጠየቂያው ወረቀት ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ይህ ባክቴሪያ በትንፋሽ ገብቶ የላቦራቶሪ ባለሙያን የሚያሳምም ነውና፣ አለመጻፍ የሥራ ባልደረባን ለአደጋ መተው ነው። የእንስሳት ሐኪሙም ይነገረው፤ በአንድ ሰው አከርካሪ ላይ የተገኘ ብሩሴላ የአንድ በረት ዜና ነው።

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። አባባሉ ጥፋቱን በታማሚው ላይ ያደርጋል። የጣና ዳር ገበሬ ግን ያስወረደችውን ላሙን አልሸሸገም፤ ጥሬ ወተት መጠጣቱንም አልካደም። የጠየቀው የለም። የ2015ቱ መመሪያ ኤም.አር.አይ. ሊያመጣልን አይችልም፤ ይህን አንድ ጥያቄ ግን ከአጭሯ አንቀጹ ወስደን በየካርዳችን ላይ ልንጽፈው እንችላለን። ዋጋው ሁለት ደቂቃ ነው፤ የሚያድነውም የሰው እግር ነው።